ጨርቁ ያላየው ጠብታ

በአንድ ወቅት ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ ግቢ፣ ካፖ አምዴ የሚባሉ መካኒክ ነበሩ። ካፖ ማለት የጋራዥ አለቃ ነው፤ ጣሊያኖቹ ሄደው ቃሉ ቀረ። ካፖ አምዴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው መኪና ሲሠሩ ኖረው ለራሳቸው ያስቀሩት አንዲት ቀይ፣ ባለሁለት በር፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም የማይቀረው የእሽቅድምድም መኪና ብቻ ነበር። በጉልምስናቸው ጊዜ በእሷ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ሲወጡ ከፊታቸው ያለ ሾፌር ሁሉ ዳር ይዞ ያሳልፋቸው ነበር ይባላል። ሰፈሩ መኪናዋን ሚጥሚጣ ብሎ ሰየማት።

ሚጥሚጣ አረጀችና ማንጠባጠብ ጀመረች። ካፖ በፋሲካ ዕለት ሦስቱን ልጆቻቸውን ሰብስበው፣ «ጠብታዋን ላገኘላት ሚጥሚጣን ሰጥቻለሁ። ቁልፏን ከነምርቃቴ ይወስዳል። ጠብታዋን ሳያውቅ የሚነዳት ግን ደንገጎ ላይ ጉድ ትሠራዋለች» አሉ። «እርስዎስ ያውቁታል አባባ?» ቢሏቸው ሳቁና ዶሯቸውን መብላት ቀጠሉ።

በዚያ ጋራዥ አንድ የማይታለፍ ሕግ ነበር። የተሠራች መኪና ከመውጣቷ በፊት ከሥሯ ነጭ አቡጀዲ ተነጥፎ ታድራለች። ጠዋት ጨርቁ ላይ ነጥብ ከተገኘ እንደገና ትፈታለች፤ ንጹሕ ከሆነ ካፖ ቁልፉን በባለቤቱ መዳፍ ላይ አድርገው «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» ይላሉ፣ ቁልፉ ላይም ምራቃቸውን እንትፍ ይላሉ። ያልተመረቀ ቁልፍ ከዚያ ግቢ ወጥቶ አያውቅም። ልጆቹ ከዚያ ጨርቅ በላይ ዳኛ መኖሩን ሳያውቁ አደጉ።

ከፋሲካው በኋላ ብዙም ሳይቆይ ካፖ ጫማቸውን ሊያስሩ ጎንበስ እንዳሉ ወደቁ። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸው ተያዘ። «ይሰማሉ፤ ይገባቸዋል። መናገር ግን አይችሉም» አለ ሐኪሙ። እኔ ከዚህ የባሰ እስር ቤት አላውቅም። በባለጎማ ወንበር ጋራዡ በር ላይ ያስቀምጧቸዋል፤ እሳቸውም ቀኑን ሙሉ ሚጥሚጣን ያያሉ። ጠብታው ጠብ ባለ ቁጥር ዓይናቸው አብሮት ይወርዳል።

የመጀመሪያው ልጅ ደምስ ነው። የእሱ ጸጋ አፍንጫውና ምላሱ ላይ ነው፤ ወጥ ገና ምድጃ ላይ እያለ በጠረኑ ብቻ ጨው ማነሱን የሚናገርና ሚስቱን የሚያናድድ ሰው ነው። ጠብታው ጥቁር ስለነበር ያየው መካኒክ ሁሉ፣ «የሞተር ዘይት ነው፤ ሞተሩ ወርዶ ይፈታ» አለ። ሞተሩን የሚያወርድ ሰንሰለት ተሰቀለ። ካፖ በደህናው በግራ እጃቸው የወንበራቸውን ክንድ ይደበድቡ ጀመር። አንዱ «ተቆጡ» አለ፤ ሌላው «ኧረ ደስ ብሏቸው ነው» አለ። እጃቸውን ቀና አድርጎ የሚያነብላቸው ሰው አልተገኘም።

ደምስ ደርሶ ተንበረከከ። ጠብታውን በጣቱ ነካ፣ አሸተተው፣ በምላሱ ጫፍ ቀመሰውና ቶሎ ተፋው። እናንተ እንዳትሞክሩት፤ መርዝ ነው።

«ይጣፍጣል» አለ። «ዘይት መቼ ጣፍጦ ያውቃል? ይሄ ማቀዝቀዣ መድኃኒት የተጨመረበት የራዲያተር ውሃ ነው። የሞተሩን እድፍ እየጠረገ ሲወርድ ነው የጠቆረው። ሰንሰለቱን አውርዱ!»

ሰንሰለቱ ወረደ፤ የካፖም እጅ ጸጥ አለ። ያቺ ሞተር ያን ቀን ተፈትታ ቢሆን ኖሮ መልሶ ሊገጥማት የሚችል እጅ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ወንበሩ ላይ ደርቋል። ደምስ ግን ከየት እንደሚፈስ አላወቀም። የውሃውን የጎማ ቱቦዎች አንድ በአንድ አጠበቀ፤ ጠብታው እንደ ልማዱ ጠብ ማለቱን አልተወም።

ሁለተኛዋ ትርንጎ ናት። የእሷ ጸጋ ዓይኗ ላይ ነው። መኪና ትቀባለች፤ ቀለም ላይ ያረፈች ብናኝ ከሩቅ ትታያታለች። ትርንጎ ሞተሯን በጋዝና በሳሙና አጠበቻት፣ አደረቀቻት፣ ከዚያም የልጇን ፓውደር አምጥታ ላይ ታቿን ነሰነሰችባት። ሚጥሚጣ ወፍጮ ቤት የዋለች መሰለች። ሰፈርተኛው ሳቀ። እሷ ሞተሩን አስነስታ በእጅ ባትሪዋ እያበራች ትመለከት ጀመር።

ከብዙ ቆይታ በኋላ በነጩ ዱቄት ላይ ክር የምታክል እርጥብ መስመር ወረደች። «ከውሃው ፖምፓ ሥር ነው!» ብላ ጮኸች። ፖምፓው ተፈታ፣ ያረጀው የማሸጊያ ጎሚኒ ተቀየረ፣ አቡጀዲው ተነጠፈ። ጠዋት ሁሉም ተሰብስቦ ሲገልጠው ጨርቁ እንደ ነጣ አድሯል። እልልታው ቀለጠ።

ትርንጎ ቁልፉን በአባቷ ግራ እጅ ላይ አድርጋ የራሷን መዳፍ ዘረጋች። «አባባ፣ ጨርቁ ነጭ ነው። ይመርቁኝ» አለች።

ካፖ ቁልፉን ጨብጠው ቀሩ። ልታስለቅቃቸው ብትሞክር ባሰባቸው። እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ።

«ምነው አባባ? ምን አጠፋሁ? ሕጉ የእርስዎ አይደለም እንዴ?» እያለች አለቀሰች። እሳቸው አዩዋት። አንዲት ቃል ቢያወጡ ነገሩ ሁሉ ባለቀ ነበር።

ሦስተኛው አስራደ ነው፤ የሐረር መስመር የአውቶቡስ ሾፌር። የእሱ ጸጋ ጀርባው ላይ ነው፤ የመኪናን ሕመም በወንበሩ በኩል ይሰማዋል። የእህቱን ለቅሶ ሰምቶ መጣና ጨርቁን አገላብጦ አየው።

«እትዬ ትርንጎ፣ ጨርቅ ዳገት አይወጣም» አለ። «ቆማ ያላንጠባጠበች ስትወጣ አታንጠባጥብም ያለሽ ማነው?»

«በዚህ ጨርቅ ስንት መኪና ተፈርዶለታል! ዛሬ እኔ ላይ ሲደርስ ነው ሕጉ የሚሻረው?»

«አባባ ቁልፉን ለምን ያዙት ታዲያ? ጠብታው አሁንም እንዳለ ያውቃሉ። እንዳለ ደግሞ አሳይሻለሁ።»

ወዲያው አባቱን አቅፎ ከወንበራቸው አነሳና ሚጥሚጣ ውስጥ አስቀመጣቸው። ካፖ ከጉሮሯቸው «እእእ» የሚል ረዥም ድምፅ አወጡ። ትርንጎ፣ «እምቢ እያሉህ ነው፤ አውርዳቸው!» አለች። አስራደ፣ «ደስታቸው ነው» አለ። ቁልፉን ከጣቶቻቸው ፈልቅቆ ወሰደና አስነሳት። ዛሬም ድረስ ያ ድምፅ ምን እንደነበረ የሚያውቅ ሰው የለም።

ደንገጎ ላይ ሚጥሚጣ ለጥቂት ጊዜ ልጅነቷ ተመለሰላት። አስራደ አባቱን ሰረቅ አድርጎ ሲያይ ግራ እጃቸው ጭናቸው ላይ ማርሽ እንደሚቀይር ሰው ትንቀሳቀስ ነበር፤ ደስ አለውና ጨመረበት። ከዚያ ጀርባው አንድ ነገር ሰማ። የሙቀቱ ቀስት ቀዩ ላይ ደረሰ፣ ከፊት እንፋሎት ወጣ። ወርዶ ኮፈኑን ቢከፍት ውሃው ከሞተሩ ክዳን፣ ከቴስታታው ሥር፣ ከኋላ በኩል ይንተከተካል። ብረቱ ሲግልና ዳገት ሲጎትት ክፍተቱ ይከፈታል፤ ሲበርድ ይገጥማል። ቆማ ሳለች ዱቄትም ጨርቅም ሊያየው አይችልም ነበር። «አገኘሁት አባባ!» ብሎ ጮኸ።

ካፖ ዓይናቸውን ጨፍነው ከፈቱ። አስራደን የዳገቱ ጫፍ ላይ ሳያደርሳቸው መመለስ ቆጨው። ለአባቱ መጠጫ የያዘውን ውሃ ሁሉ ራዲያተሩ ውስጥ ገለበጠና እንደገና ነዳት። መንገዱ ሳያልቅ ሞተሯ ተንቋቋች፣ ደርቃ ተጣበቀች፣ ቆመች።

ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጥላ የለም፤ ውሃ የለም። አስራደ ሸሚዙን አውልቆ በአባቱ ራስ ላይ ይዞ ቆመ። የሚያልፈውን የጭነት መኪና ሁሉ ይለምናል፤ ዳገት ላይ የሚቆምለት ግን አላገኘም። የአባቱ ከንፈር ሲሰነጠቅ እያየ ምንም ማድረግ አልቻለም። ያኔ ነው አስራደ እንደ ሕፃን ያለቀሰው።

ደምስና ትርንጎ በፒክአፕ ተከትለው ደረሱ። ቸኩለው ስለወጡ እነሱም ውሃ አልያዙም። ትርንጎ ወንድሟን ልትሰድበው አፏን ከፍታ የአባቷን ፊት ስታይ ተወችው። አስራደ ቁልፉን ነቀለና በካፖ ግራ እጅ ላይ መልሶ አስቀመጠው።

«አባባ፣ ሁላችንም ያለነው እዚህ ነው» አለ ደምስ። «ለሚገባው ይስጡት።»

ሦስት መዳፍ ተዘረጋ። የካፖ እጅ ቀስ ብሎ ተነሳ። ዓይናቸው ከደምስ ወደ ትርንጎ፣ ከትርንጎ ወደ አስራደ ሄደ። ከንፈራቸውን ለምርቃት አሞጠሞጡ፤ እንትፍ ለማለት ሞከሩ፤ ደግመው ሞከሩ። አፋቸው ደርቆ ስለነበር ምራቅ አልወጣም። ያን ጊዜ ጣቶቻቸው ተከፈቱና ቁልፉ ከሦስቱም መዳፍ ውጪ፣ አስፋልቱ ላይ፣ ሚጥሚጣ ያንጠባጠበችው እርጥበት ውስጥ ወደቀ። ሰጥተው ይሁን ደክመው ማንም አልለየም።

ካፖ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩ። ነፍሳቸውን ይማር። ሚጥሚጣ ተጎትታ ወርዳ ጋራዡ ውስጥ ቆማለች፤ ቁልፉ ግድግዳው ላይ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ አንዳቸውም አልነኩትም። ደምስ፣ «እኔ ባልቀምሰው ኖሮ ያኔውኑ ቁርጥራጭ ብረት ትሆን ነበር» ይላል። ትርንጎ፣ «በአባባ ሕግ ጨርቄ ነጭ ወጥቷል፤ ሞተሯንም አልገደልኩ» ትላለች። አስራደ፣ «ጠብታውን ያገኘሁት እኔ ነኝ» ይልና የአባቱ ከንፈር ትዝ ይለዋል።

እንግዲህ ሰምታችኋል፤ እኔ በዚህ ነገር ስፈርድም ፍርዴን ስሽርም ኖሬ ደክሞኛል። ምርቃት የሌለውን ያን ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አውርዱት ብትባሉ፣ በማን መዳፍ ላይ ታስቀምጡታላችሁ?