እትዬ ድንቅነሽና አልቀዘቅዝ ያለው ውኃ

ተረት ልንገራችሁ፤ የማያምን ጆሮውን ለጎረቤት ያውስ።

ድሬዳዋ ውስጥ፣ በግንቦት ሐሩር፣ ድንጋይ እንኳ ጥላ ፍለጋ በሚንፏቀቅበት ቀን፣ እትዬ ድንቅነሽን አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ አማራቸው። ፍሪጁን ቢከፍቱ ውኃው ለብ ብሏል።

"ፍሪጅ፣ ፍሪጅ፣ ውኃዬን አቀዝቅዝ፤" አሉት።

"አላቀዘቅዝም። መብራቱን ሰርቨሩ ይጠጣዋል። እኔም ልሰካ ስል ቆጣሪው ቷ ብሎ ይዘጋል።"

ሰርቨሩ የባላቸው የጋሽ ታፈሰ ነው። ሠላሳ ዓመት የሠርግ ቪዲዮ ሲቀርጹ ኖረው፣ የከተማውን ሙሽራ ሁሉ ቁም ሣጥን በሚያህል አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ አጭቀውታል። ሲያጓራ፣ ባቡር የመጣ መስሏቸው ሻንጣ አንጠልጥለው ወደ ጣቢያ የሮጡ አሉ።

"ሰርቨር፣ ሰርቨር፣ ጥፋልኝ። ፍሪጁ አላቀዘቅዝም አለ፣ ውኃዬም ለብ አለ።"

"አልጠፋም። ሆዴ ውስጥ ያሉት ሙሽሮች መጀመሪያ ይውጡ።"

"ሙሽሮች፣ ሙሽሮች፣ ውጡልኝ። ሰርቨሩ አልጠፋም አለ፣ ፍሪጁ አላቀዘቅዝም አለ፣ ውኃዬም ለብ አለ።"

"አንወጣም፤" አሉ ሙሽሮቹ ከነሚዜዎቻቸው። "አዲሷ ቤታችን በሯን አልከፈተችም።"

አዲሷ ቤት ጋሽ ታፈሰ በዚያው ሳምንት ያመጧት፣ ሳሙና የምታህል፣ ሊኑክስ የሚባል ሶፍትዌር የተጫነባት ኮምፒውተር ናት። ድምፅ የላትም፤ መብራትም እንደ ወፍ ለቀም ለቀም አድርጋ ይበቃታል።

"ትንሿ፣ ትንሿ፣ በርሽን ክፈቺ። ሙሽሮቹ አንወጣም አሉ፣ ሰርቨሩ አልጠፋም አለ፣ ፍሪጁ አላቀዘቅዝም አለ፣ ውኃዬም ለብ አለ።"

"አልከፍትም። የበሩ ፕሮግራም ከኢንተርኔት ይምጣልኝ።"

"ፕሮግራም፣ ፕሮግራም፣ ና። ትንሿ አልከፍትም አለች፣ ሙሽሮቹ አንወጣም አሉ፣ ሰርቨሩ አልጠፋም አለ፣ ፍሪጁ አላቀዘቅዝም አለ፣ ውኃዬም ለብ አለ።"

"አልመጣም። ደጇ ድረስ ሄጄ ማኅተሜን ባሳያት፣ 'ይህ ማኅተም ገና አልጸናም' ብላ መለሰችኝ።"

እትዬ ድንቅነሽ ነጠላቸውን አነሱ።

"ስማ ታፈሰ፣ ዛሬ ውኃ ካልቀዘቀዘ ሐረር እህቴ ዘንድ ነኝ። እዚያ ነፋሱ ራሱ ፍሪጅ ነው።"

ጋሽ ታፈሰ ደነገጡ። ሚስታቸው ባለፈው ለፋሲካ ብለው የሄዱት ለመስቀል ነው የተመለሱት።

"ቆይ እንጂ ድንቄ። ሁሉንም በደንብ ሞልቻለሁ። ትንሿ ሰዓት የምትይዝበት ባትሪ ስለሌላት ቀኑን እንኳ በእጄ ነው የጻፍኩላት።"

"ምን ብለህ?"

"ግንቦት ዐሥር፣ ሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት።"

እትዬ ድንቅነሽ ታይፒስት ሳሉ፣ በየደብዳቤው ራስ ላይ ሁለት ቀን ጎን ለጎን ሲመቱ ነው የኖሩት።

"በኛ ነው በፈረንጅ?"

"በኛ ነዋ፤" አሉ ጋሽ ታፈሰ።

"ይቺ እኮ በፈረንጅ ነው የምትቆጥረው። ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ጎትተህ አስቀመጥካት። ማኅተሙ በእሷ ቀን ገና አልተቀረጸም፤ በምን ትመነው?"

መነጽራቸውን አጠለቁና ቀኑን በፈረንጅ መቱት። ያን ጊዜ ቀኑ ማኅተሙን አጸናው፣ ማኅተሙ ፕሮግራሙን አስገባው፣ ፕሮግራሙ የትንሿን በር ከፈተው፣ ትንሿ ሙሽሮቹን ጠራቻቸው። የሠላሳ ዓመት ሙሽራ ከነሚዜው፣ ከነመኪናው ጡሩምባ፣ እየጨፈረ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሰርቨሩ እፎይ ብሎ ጠፋ፤ ሰፈሩ ጭጭ አለ፤ ፍሪጁ ጉርር አለ። ውኃውማ እንዴት ያለ ቅዝቃዜ ቀዘቀዘ መሰላችሁ፤ ብርጭቆውን የያዘ ጣት ጋቢ አምጡልኝ አለ።

እትዬ ድንቅነሽ ጭልጥ አድርገው ጠጡ። ጋሽ ታፈሰ እጃቸውን ዘረጉ።

"ለኔስ፣ ድንቄ?"

"ያንተማ፣ በአቆጣጠርህ ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል፤" አሉና ሞልተው ቀዱላቸው።

ተረቱ እዚህ ላይ ጠጥቶ ረካ፤ የተራኪው ጉሮሮ ግን ደርቋልና፣ ብርጭቆ ያነሳችሁ ወዲህም በሉ።