ከሦስተኛው ዙር በኋላ

አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበረ፤ ዘርጋው ይባላል። ሠላሳ ዓመት መሪ ጨብጦ የኖረ፣ ሐኪም ቤት የማያውቅ ሰው። አንድ ቀን ጢሙን ሲላጭ አንገቱ ላይ እብጠት አገኘ። ተመረመረ። የንፍፊት ካንሰር ነው ተባለ።

ሐኪሟ አልሸፋፈነችለትም። "ኬሞቴራፒ ይወስዳሉ፤ በየሦስት ሳምንቱ፣ ስድስት ዙር" አለችው። "መድኃኒቱ በደም ሥርዎ ገብቶ መላ ሰውነትዎን ይዞራል። ቶሎ ቶሎ የሚራባውን ሕዋስ ይመታል፤ ካንሰር እንደዚያ ነው የሚራባው። ግን የፀጉርዎ ሥር፣ የአፍና የአንጀትዎ ሽፋንም ቶሎ ስለሚራቡ እነሱንም ይነካቸዋል። ሦስት ሳምንት የምናሳርፍዎት ጤነኛው እንዲያገግም ነው።"

ጀመረ። አስታወከው፤ አፉ ቆሰለ፤ ፀጉሩ ረገፈ። ያንን ሁሉ ጎማ ብቻውን ሲፈታ የኖረውን ሰው፣ ሚስቱ ስንዱ ደግፋ ታጥበው ጀመር። ከሕመሙ ይልቅ ይህ አንገበገበው።

ከሦስተኛው ዙር በኋላ አንገቱን ቢዳብስ እብጠቱ የለም። ምን አደረገ መሰላችሁ? ለስንዱ "ጨርሰሃል ብለውኛል" አላት።

ስንዱ እልል አለች። በግ ታረደ፤ ጎረቤት ተጠራ። "እንኳን እግዚአብሔር ማረህ!" ይሉታል። "አሜን" ይላል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልኩ ጠራ። እሱ ግቢ ውስጥ ስለነበር ስንዱ አነሳችው። የሐኪም ቤቱ ነርስ ነበረች። "ለአራተኛው ዙር ቀጠሮ ነበራቸው፤ አልመጡም። ደህና ናቸው?"

ስንዱ ወጣች። "ዘርጋው፣ ስንት ዙር ቀርቶሃል?"

"ሦስት" አላት።

"ታዲያ ለምን?"

"እብጠቱ ጠፋ እኮ። ደግሞ... አንቺ ስታጥቢኝ መኖር አቃተኝ።"

"ሰለቸኝ ብዬሃለሁ?" አለችው። አልጮኸችም። "ነገ አብረን እንሄዳለን።"

ሄዱ። ሐኪሟም "በእጅዎ የሚዳሰሰው ጠፍቷል። የማይዳሰሰው ግን ሊኖር ይችላል፤ የቀሩት ዙሮች ለእሱ ናቸው" አለችው። መዘግየቱ ጥሩ እንዳልነበረም ነገረችው።

ቀጠለ። በአምስተኛው ትኩሳት ይዞት ሳምንት ተኛ። ስድስተኛውን ጨረሰ። ሲመረመር የበሽታው ምልክት አልታየም፤ እስከ ዛሬ በቀጠሮው ይታያል። ጎረቤቶቹንም ራሱ ሰብስቦ "ያን ቀን ዋሽቻችኋለሁ" አላቸው።

ወገኖቼ፣ ዘርጋው ሞኝ ነበር? አልነበረም። አፍሮ ነበር።

እኛስ? ከወንድማችን ጋር ተጣልተን በሽማግሌ ፊት ተሳሳምን። ሰው አየ፤ ደስ አለው። ውስጥ የቀረውን ቂም ማን ጠየቀን? "መጠጥ ትቻለሁ" ብላችሁ የተመሰከረላችሁ፣ እውነት ትታችሁታል? ንስሐን የጀመርነው እንዲታይልን ነው ወይስ እንድንድን? የሚታየው ሲጠፋ ማቆም ይቀላል። የማይታየውን ለመጨረስ ግን ድካማችንን የሚያይ ሰው ማስጠጋት አለብን። እኛ የምንሸሸው ይህን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር። ከመካከላችሁ የሐኪም ቤት ሕክምናውን ያቋረጠ ካለ፣ እምነት አነሰው ብዬ አልፈርድበትም። ጸሎቱን አያቁም፤ መድኃኒቱንም አያቋርጥ። ብቻውን መሄድ ከከበደው ስንወጣ በሩ ላይ ይጠብቀኝ። ነገ ጠዋት አብሬው እሄዳለሁ።