ኮቱን ከነእጁ የገዛው ሙሽራ

አንድ ልክ እንዴት ለአገር ሙሉ ሰው ይሆናል? ትርንጎ ይህን ጥያቄ መርፌ መያዝ ከጀመረችበት ጊዜ አንስቶ በሆዷ ይዛው ኖራለች።

አባቷ አቶ ይርዳው ደሴ ላይ ልብስ ቤት ነበራቸው። እሳቸው ራሳቸውን «ቁጥብ» ይላሉ፤ ጎረቤት ደግሞ የራሱ አጠራር አለው። በዚያ ቤት ኮት ሁሉ የሚቆረጠው በአንድ ልክ ነው፤ ያውም በእሳቸው። አቶ ይርዳው ተቀምጠው ሲነሱ ወንበሩ አብሯቸው የሚነሳ ሰው ናቸው። «ለእኔ የበቃ ለማን ያንሳል?» ይላሉ። እያንዳንዱን ሰው እየለኩ መስፋት ለእሳቸው ክር ማባከን ነው።

ትርንጎ ከመጋረጃው ጀርባ ቁጭ ብላ ትሰፋለች። ዓይናፋር ናት፤ ደንበኛ ሲገባ የስፌት መኪናዋን እንኳ ቀስ ብላ ነው የምትረግጠው። ከመጋረጃው ማዶ የምትሰማው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። ወፍራም ይግባ ቀጭን፣ አባቷ «አቤት! አንተን አስቦ የተሰፋ!» ይላሉ፤ ደንበኛውም «እውነትም!» ብሎ ከፍሎ ይሄዳል። በሳምንቱ ተመልሶ «አባባ፣ ኮቱ እኮ ሰፋኝ» ያለ እንደሆነ፣ አቶ ይርዳው ከላይ እስከ ታች ያዩትና በሐዘን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«ምን ሆነህ ነው እንዲህ የከሳኸው ልጄ? ሐኪም አየህ?»

ሰውዬው ኮቱን ረስቶ ስለ ጤናው እያሰበ ይወጣል።

አንድ ቀን፣ በሠርግ ወራት፣ ይመር የሚባል የኮምቦልቻ ሰው ወደ ሱቁ ገባ። ይመር የሚታወቀው በምላሱና በቅጥነቱ ነው፤ ሁለቱም ስለታም ናቸው። ሠርጉ በማግስቱ ነበር። ችግሩ የሙሽራዋ እናት ናቸው። ሽማግሌ የተላከ ቀን «ልጄን የምድራት ለሰው ነው ለሸምበቆ?» ብለው ኖሮ ወሬው ጆሮው ደርሷል። ነገ ደግሞ እኚሁ ሴትዮ ዘመድ አዝማድ ሰብስበው በር ላይ ሊጠብቁት ነው። ኮቱ ላዩ ላይ ከተንዘላዘለ፣ ሸምበቆ እንደተባለ መቅረቱ ነው።

«አባባ፣» አለ፣ «ነገ ሙሽራ ነኝና ሰው የሚያስመስል ኮት ይፈልጉልኝ።»

«ሰው? ባላባት ነው የማስመስልህ!» አሉና ያንኑ ኮት አለበሱት።

ትርንጎ «ሙሽራ» ሲባል ሰምታ አላስችል አላት። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየች። አየችና አፏን በእጇ ያዘች። ይመር ፊቱን ወደ መስታወቱ ሰጥቶ ደረቱን ነፍቷል። ከኋላው አባቷ ትርፉን ጨርቅ ሁሉ ሰብስበው፣ ዶሮ በክንፏ እንደሚይዝ ሰው፣ ጭብጥ አድርገው ይዘዋል። ያ ሁሉ ዓመት ስትፈልገው የኖረችው ልክ አባቷ ጭብጥ ውስጥ ነበር!

«አቤት! አንተን አስቦ የተሰፋ!»

ይመር መስታወቱን አመነ። ግን ሰው ነውና ጀርባውን ማየት አማረው። ወደ ቀኝ ዞረ፤ አቶ ይርዳው አብረው ዞሩ። ወደ ግራ ዞረ፤ እሳቸውም ቁና ቁና እየተነፈሱ ወደ ግራ። ከውጭ ላያቸው ሠርጉ እዚያው የተጀመረ ይመስላል።

«አባባ፣ ምነው ከኋላዬ አልጠፋ አሉኝ?»

«ክር እንዳይቀርበት እያየሁልህ ነው ልጄ።»

ይመር እጁን ወደ ኋላ ሰደድ አድርጎ ጀርባውን ሲዳብስ፣ የሰው እጅ ነካ። ከዚያ ፊቱ ፈካ።

«ገዛሁት!» አለና ገንዘቡን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«እሰይ! በል አውልቀውና ልጠቅልልህ፤ አቧራ እንዳይነካው።»

«የምን ማውለቅ! እንዲህ አምሮብኝ? እንደለበስኩት እሄዳለሁ።»

ብሎ ወደ በሩ ተራመደ። አቶ ይርዳው ጭንቅ ያዛቸው። ቢለቁት ጉዳቸው ይፈላል፤ ቢይዙት መከተላቸው ነው። ተከተሉት። ከደጃፉ ወጥተው መንገዱን ሲጀምሩ፣ ፊት ለፊት ያለው ጫማ ሻጭ አያቸው።

«አቶ ይርዳው! ወዴት ነው?»

«ደንበኛ እየሸኘሁ ነው!»

«እጅ ከፍንጅ ይዘው?»

ገበያተኛው ቆም ቆም አለ። አቶ ይርዳው ወደ ይመር ጆሮ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ልልቀቅህ?» አሉ።

«እንዳይለቁኝ!» አለ ይመር፣ መንደሩ እስኪሰማ። «እኔ የገዛሁት መስታወት ውስጥ ያየሁትን ኮት ነው፤ እሱ ደግሞ ከነእጅዎ ነው። ነገ በጠዋት ይምጡ። ሚዜዎቼ ከቀኝ ከግራ፣ እርስዎ ከኋላ።»

«ሠርግ? እኔ? ሱቄስ?»

«ሱቅዎማ ይዘጋል። ከሠርጉ በኋላ መልስ አለ፤ ከመልሱ በኋላ ቅልቅል አለ። ለሁሉም ይኸው ኮት ነው።»

«ኧረ በሕግ አምላክ! ሌት ተቀን ይዤህ ልዞር ነው?»

«አይጨነቁ አባባ፣ ሌት ያርፋሉ። ጫጉላው በር ላይ አሰናብትዎታለሁ፤ እዚያ ኮት አልለብስም!»

ጫማ ሻጩ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሰዉ ሁሉ ሲያውካካ፣ ከሁሉ በላይ ግን ከሱቁ ውስጥ ማንም ሰምቶት የማያውቅ ሳቅ ተሰማ። ትርንጎ ነበረች። እንባዋን እየጠረገች፣ በከንፈሮቿ ስፒል ይዛ፣ እዚያ ሁሉ ሰው መሃል ወጣች።

«አባዬ፣ ይልቀቁት።»

ለቀቁት። ኮቱ ምሰሶው እንደተነቀለ ድንኳን ተዘረገፈ፤ ሰዉ ሁለተኛ ሳቀ። እሷ ግን ወደ ሙሽራው ቀርባ «ዞር ይበሉ» አለችው። ጀርባውን በስፒል ያዘች። «አሁንም ዞር ይበሉ።» ትከሻውን ሰበሰበች፤ ከዚያ ኮቱን ወስዳ በልኩ ትሰፋው ጀመር።

«ኧረ ክሩ! ክሩ ሊያልቅ ነው!» ይላሉ አባቷ፤ የሚሰማቸው የለም።

በማግስቱ የሙሽራዋ እናት በር ላይ ቆመው ጠበቁት። ከፊት አዩት፣ ከጎን አዩት፣ ዞረው ከኋላ አዩት። ከዚያ ወደ ዘመዶቻቸው ዞሩና «እኔ እኮ ድሮም ሰው ነው ብያለሁ» አሉ።

ሠርገኛው ይህን አይቶ ዝም አላለም። በሳምንቱ ከኮምቦልቻ የመጣ ሁሉ «ያቺ ‹ዞር ይበሉ› የምትለዋ ልጅ የት ናት?» እያለ ደሴን ይጠይቅ ጀመር። አቶ ይርዳው «አሁንስ ስማችንንም አስረሳሽው» ብለው አጉረመረሙ። ትርንጎ መጀመሪያ አፈረች፤ ቀጥላ ወሰነች። ጽሕፈት አዋቂ ጠርታ፣ የአባቷን ስም ከበሩ ላይ አስወርዳ፣ በቦታው በትልቁ «ዞር ይበሉ ልብስ ቤት» አስጻፈችበት።