ከዜማው በፊት የተባለው

አንድ ባለጠጋ ከአባቱ ብዙ ሀብት ወረሰ። ከሁሉ አብልጦ የሚኮራበት ግን አንድ ክፍል ሙሉ ካሴት ነበር። አባቱ በሕይወት ሳሉ የበገና፣ የክራር፣ የማሲንቆና የዋሽንት ተጫዋቾችን ከየአገሩ እየጋበዙ፣ በዚያው ቤት ሳሎን አስቀምጠው ይቀርጹ ነበር። ባለጠጋው እንግዳ በመጣ ቁጥር የክፍሉን በር ከፍቶ፣ «የፈረንጅ ክላሲካል ትላላችሁ፣ የእኛ ይኸውላችሁ!» ይላል። እንግዳውም «ወይ ጉድ!» ብሎ ያደንቃል። «እስቲ አንዱን እንስማ» ሲባል ግን ነገር ይበላሻል፤ የትኛው ካሴት ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለማ።

አባትየው በካሴቶቹ ላይ አንዲት ቃል አልጻፉም። ልማዳቸው ሌላ ነበር። ተጫዋቹ መሣሪያውን ከማንሳቱ በፊት ስሙን፣ ያስተማረውን ሰው፣ የመጣበትን አገርና ዜማውን ለማን እንደሚጫወት በአፉ እንዲናገር ያደርጉታል። ለምን እንደማይጽፉ ሲጠየቁ፣ «ወረቀቱ ተልጦ ይወድቃል። አንተ የተናገርከው ግን ከዜማህ ጋር አብሮ ይኖራል» ይሉ ነበር።

እሳቸው ካረፉ በኋላ ካሴቶቹን ሻጋታ ይበላቸው ጀመር። ባለጠጋው ደንግጦ ልሳኑ የሚባል ባለሙያ ቀጠረ። ልሳኑ ጎበዝ ሰው ነው፤ ይህን ልብ በሉልኝ፣ ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ካሴቶቹን አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር ገለበጠ። ካሴቶቹም ሻግተው ነበርና ሁሉም ተጣሉ።

ከዚያ ዋናው ሥራ ተጀመረ፤ ለእያንዳንዱ ዜማ መለያ መስጠት። ሙዚቃውን የሚያደራጀው ፕሮግራም ደግሞ ለፈረንጅ ኦርኬስትራ የተሠራ ነበርና ጥያቄው ብዙ ነው። የደራሲው ስም? የኦርኬስትራው ስም? የኦርኬስትራው መሪ? የሥራው ቁጥር? ልሳኑ ራሱን ያካል። አንዱ ክራር ተጫዋች ዜማውን ከመምህሩ ተቀበለ፣ መምህሩም ከመምህሩ፤ ታዲያ ደራሲው ማነው ሊባል ነው? ባለጠጋውን ቢያማክረው፣ «እኔ ባዶ ቦታ ሳይ ያመኛል፤ የሆነ ነገር ሙላበት» አለው። ልሳኑም «ያልታወቀ» እያለ ሞላው። ያልታወቀ፣ ያልታወቀ፣ ያልታወቀ። እንዲያ የሞላ ነገር አይቼ አላውቅም!

አንድ ቀን ባለጠጋው ሥራውን ሊያይ መጣና ጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀ። ሰው ያወራል፣ ሰው ያስላል፣ ወንበር ይንቋቋል። ዜማው ቶሎ አልጀምር አለ።

«ይሄ ሁሉ ወሬ ምንድን ነው?» አለ ተቆጥቶ። «የፈረንጆቹ እንደተከፈተ አይደል እንዴ የሚጀምረው?»

«ስማቸውን እየተናገሩ እኮ ነው ጌታዬ። እየሰማሁ ልጽፈው አስቤ ነበር።»

«ጻፈው፣ ማን ከለከለህ? ግን ወሬውን ቁረጥልኝ። የስብስቡ ምርቃት ቀን ደርሷል፣ እንግዶች ፊት እንዳታሳፍረኝ።»

ሁሉንም እየሰሙ መጻፍ ጊዜ ይፈጃል። መቁረጡ ግን በፕሮግራሙ የአንድ ትእዛዝ ሥራ ነው። ልሳኑ ሌላ ቅጂ ሳያስቀር ትእዛዙን ሰጠ። ዜማው ሁሉ ከመጀመሪያው ድምፅ ጀመረ፤ እግረ መንገዱንም የካሴቱ ሽሽ ማለት፣ ከውጭ የገባው የዝናብ ድምፅና የተጫዋቾቹ የትንፋሽ ድምፅ ተጠረገ። የተቆረጠውን ወሬ ግን አልጣለም፤ «በኋላ» የሚል ፎልደር ከፍቶ እዚያ ከተተው። ፕሮግራሙም ለቁራጮቹ በዘፈቀደ አዲስ ቁጥር ሰጣቸው። የትኛው ወሬ ከየትኛው ዜማ እንደተቆረጠ ልሳኑም ኮምፒውተሩም ከዚያ በኋላ አያውቁም።

ምርቃቱ ደመቀ። ዜማዎቹ በመሣሪያ፣ በቅኝትና በርዝመት ተሰልፈው ሲታዩ ዓይን ያፈዝዛሉ። ሰው አጨበጨበ፣ ባለጠጋው ደረቱን ነፋ፣ ልሳኑም ተሸለመ። «በኋላ» የተባለውን ፎልደር ማንም አልከፈተውም። የበኋላ ነገር መቼም ታውቁታላችሁ።

የምርቃቱ ወሬ በሬዲዮ ተነግሮ ኖሮ፣ ስመኝ የምትባል ጎልማሳ ሴት ከሩቅ ከተማ ተሳፍራ መጣች። ባለጠጋውና ልሳኑ ተቀበሏት።

«አባቴ ቢተው አድማሱ ይባላል» አለች። «ዋሽንት ተጫዋች ነበር። እኔ ሳልወለድ ነው የሞተው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ‹እዚህ ቤት ላንቺ ብሎ የተጫወተው ዜማ አለ› ትለኝ ነበር። ፎቶ እንኳ የለኝም። እሱን ልሰማ ነው የመጣሁት።»

«ምን ችግር አለ እህቴ፣ አሁን ይወጣልሻል!» አለ ባለጠጋው፣ እንግዳ ፊት መኩራት ይወድ የለ። ልሳኑ ስሙን ጻፈና ፈለገ። ምንም አልተገኘም። የዋሽንቶቹን ዝርዝር ከፈተ። በገጽ ላይ ገጽ፣ ከእያንዳንዱ ዜማ ጎን «ያልታወቀ» ይላል።

የልሳኑ ፊት ሲቀየር አየችና፣ «የለም ማለት ነው?» አለች።

«አለ። መኖሩስ አለ» አለና «በኋላ» የሚለውን ፎልደር ከፈተ።

ቁራጮቹን ተራ በተራ ያሰሙ ጀመር። አንዱ ስሙን ይናገራል፣ አንዱ መምህሩን ያመሰግናል፣ አንዱ እናቱን ያነሳል። በሁሉም ውስጥ ደግሞ «በል ወንድሜ፣ ስምህን ንገረና ጀምር» የሚል ለስለስ ያለ የሽማግሌ ድምፅ አለ። ባለጠጋው ይህን ሲሰማ ወንበሩን ይዞ ቀረ። የገዛ አባቱ ድምፅ ነው። ከቀበራቸው ወዲህ ልብ ብሎ ሰምቶት አያውቅም፤ ጆሮ ማዳመጫውን ያጠለቀ ቀንም ወሬ ነው ብሎ አልፎት ነበር።

«የአባቴን ድምፅ ማነው የቆረጠው?» አለ። ልሳኑ ቀና ብሎ አየው። ባለጠጋውም መልሱን ያውቀው ነበርና አልደገመም።

ብዙ ከሰሙ በኋላ አንድ የወጣት ድምፅ መጣ። «ቢተው አድማሱ እባላለሁ። ያስተማረኝ አጎቴ ነው።»

«ለማን ነው የምትጫወተው?» አሉ ሽማግሌው።

«ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ ለሚወለደው ነው። ወንድ ይሁን ሴት፣ ይስማኝ ብዬ ነው።» አፍሮ ሳቅ አለ። ከዚያ ትንፋሹን በረጅሙ ወደ ውስጥ ሳበ። ከዚያ ጸጥ አለ።

ስመኝ እጇን አፏ ላይ እንዳደረገች ጠበቀች። «ቀጥልበት እንጂ» አለች።

«እዚህ ላይ ነው የተቆረጠው» አለ ልሳኑ። «ዜማው ከዋሽንቶቹ አንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ ግን… እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ይቅር በይኝ።»

ስመኝ አልጮኸችም፣ አልተራገመችም። ብትረግመው ለልሳኑ ይቀለው ነበር። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና፣ «መጀመሪያ ድምፁን ድገምልኝ» አለች። ደገመላት። ለሦስተኛ ጊዜም ጠየቀች፣ ደገመላት። ከዚያ፣ «ዋሽንቶቹን ሁሉ ስጠኝ» አለችው። «የእኔ የትኛው እንደሆነ ካላወቅሁ፣ ሁሉንም ለእኔ እንደተጫወተው አድርጌ እሰማቸዋለሁ። ምን ላድርግ?»

ዋሽንቶቹን ሁሉ ይዛ ሄደች። ልሳኑ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁራጮቹን ከዜማቸው ጋር ሊያገናኝ ተቀመጠ። እየዘፈኑ የሚጫወቱትን በድምፃቸው እየለየ ብዙዎቹን አገናኘ። የዋሽንቶቹ ግን እምቢ አሉ፤ ዋሽንት የሚነፋ ሰው አይዘፍንም፣ ትንፋሹም ተጠርጓል። ባለጠጋው አሁንም እንግዳ ሲመጣ በሩን ይከፍታል፤ ከዜማው በፊት ግን የአባቱን ድምፅ ነው የሚያሰማው።

ወገኖቼ፣ ንብረትን በሥርዓት ማስቀመጥ መልካም ነው፤ ማንም አይጠላውም። ክፋቱ፣ ለተመልካች እንዲያምር ብለን ስናጸዳ ፈላጊው ምን ብሎ እንደሚመጣ አለመጠየቃችን ነው። ለአንዱ ወሬ የሆነው ለሌላው አባቱ ነው። ያልገባንን ነገር ቆርጠን «በኋላ» ውስጥ ስንከት ያቆየነው ይመስለናል፤ ግን ከቦታው የተለየ ነገር ቢኖርም እንደሌለ ነው።

እናንተስ፣ ቤታችሁን ስታስተካክሉ «ይሄ ምን ያደርጋል?» ብላችሁ የቆረጣችሁት የማን ድምፅ ይሆን? ፈላጊው ገና አልደረሰ እንደሆነ፣ ዛሬውኑ መልሱት።