የእንጎዳው ዘንዶና የአለቃ ወልደ ኪሮስ በቅሎ

በእንጎዳ አገር አንድ ሰው ያልደረሰበትን ነገር አጋንኖ ሲያወራ፣ ሽማግሌዎች ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው አንዲት አባባል ጣል ያደርጋሉ። ተናጋሪውም አንገቱን ይደፋል። አባባሏን ዛሬ ትንሹም ትልቁም ይላታል፤ ከየት እንደመጣች የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። አባባል እንደ እንጉዳይ በአንድ ዝናብ ብቅ አይልም፤ ወላጅ አለው። የዚህች ወላጆች አንድ ሠዓሊ፣ አንዲት ሸክላ ሠሪና አንድ ዘንዶ ናቸው።

ሠዓሊው አለቃ ወልደ ኪሮስ ይባላሉ። ጎንደር ተምረው፣ ከአርባ ዓመት በላይ ከደብር ደብር እየዞሩ ግድግዳ ሲያስጌጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው እየደከመ ስለመጣ፣ አዲስ የተሠራውን እንጎዳ ጊዮርጊስን ሥለው ብሩሻቸውን ሊሰቅሉ አስበው ነበር። በዚህ ዓለም የሚሳሱላቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ አንዱ የእጃቸው ሥራ፣ ሌላው ሎጋ የሚሏት በቅሏቸው። ሎጋን ገብስ ሳያበሉ እሳቸው እህል አይቀምሱም ይባላል።

በመጡ ማግስት የደብሩ ገበዝ መምሬ እንግዳሸት ምሳ ጋበዟቸው። ከተጋባዦቹ መካከል የአገሩ ባለርስት ባላምባራስ ጉልላት ነበሩ። ባላምባራስ ቸር ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ከቸርነታቸው ይበልጣል።

«አለቃ፣» አሉ እጃቸውን ታጥበው ሲያበቁ፣ «እናንተ ሠዓሊዎች ዘንዶ አታውቁም። በየደብሩ ያየሁት እንሽላሊት ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስን የሚያህል ሰማዕት እንሽላሊት ለመውጋት ፈረስ ላይ ይወጣል? እዚህ አገር ግን የምር ዘንዶ አለ፤ ከገደሉ ሥር ያለውን ምንጭ ይጠብቃል። እኛን አያታልሉንም።»

ሰው ሳቀ። የአለቃ ደም ፈላ።

«እንግዲያው ስሙኝ!» አሉ። «ዘንዶውን በዓይኑ ያየ ሰው በሥዕሌ ላይ አንዲት እንከን ቢያወጣ፣ በቅሎዬን ለደብሩ ሰጥቼ አገሬ በእግሬ እገባለሁ!»

«ኧረ አለቃ፣ ቃልዎን ይሰብስቡ፣» አሉ መምሬ እንግዳሸት ደንግጠው። «በቅሎ እኮ ናት።»

«አንዴ ወጥቷል።»

አለቃ ይህን ሲሉ ያላሰቡት አንድ ነገር ነበር። በእንጎዳ ዘንዶውን አላየሁም የሚል ሰው አልነበረም።

እንዲያውም ያ ምንጭ «ዘንዶ ውሃ» ይባላል። ከአያቶች ዘመን ጀምሮ ወደዚያ የሚወርድ የለም። ሴቶቹ ውሃ የሚቀዱት ከጠማ ወንዝ ነው፤ ደርሶ መልሱ ግማሽ ቀን ይፈጃል። በዚያ ዓመት ደግሞ የበልጉ ዝናብ ስለቀረ ጠማ ቀጥኖ፣ ከብትና ሰው የሚሻማበት ድፍርስ ሆኖ ነበር። ሕፃናት በሆድ ሕመም ይሰቃያሉ። እናቶች እንስራ አዝለው አቀበቱን ሲወጡ የሚያዩት አለቃ ልባቸው ይነካ ነበር፤ ግን ዘንዶ ያለበት ውሃ እንዴት ይቀዳል?

አለቃ የሰሜኑን ግድግዳ በኖራ ቀብተው ዘንዶውን በከሰል መንደፍ ጀመሩ። ገና ጅራቱን ሳይጨርሱ ባላምባራስ መጡ።

«ክንፉስ?»

«ክንፍ አለው እንዴ?»

«ከዚህ ገደል ወደዚያ ገደል ሲሻገር በዓይኔ አይቻለሁ! አንዱ ክንፉ የሁለት በሬ ቆዳ ይሆናል።»

አለቃ ክንፍ ቀጠሉ። በማግሥቱ አንድ ደብተራ መጥቶ ሰባት ራስ ቆጥሬያለሁ አለ። ሰባት ራስ ያለው ዘንዶ ፊት ቆሞ እንዴት ሊቆጥር እንደቻለ የጠየቀው የለም። ሸማኔው ቀንድ አለው አለ፤ የሸማኔው አማት ደግሞ ቀንዱ ላይ እሳት ይነዳል አሉ። ሁሉም ይምላል። ሁሉም ያየ ነው። አለቃም ሎጋን እያሰቡ፣ እያላባቸው፣ የተባለውን ሁሉ ይጨምራሉ።

ሲጨንቃቸው ከእንጎዳ የግማሽ ቀን መንገድ ርቀው ወደሚኖሩት አባ ኪዳነ ቃል ሄዱ። አባ ኪዳነ ቃል ዘጠና ያለፋቸው መነኩሴ ናቸው፤ ኢየሩሳሌም ዐሥራ ሁለት ዓመት ተቀምጠው ከየአገሩ ተሳላሚ ጋር ያወጉ።

«አባቴ፣ ዘንዶ ምን ይመስላል?» አሉ አለቃ ገና ጉልበት እንደሳሙ።

አባ ኪዳነ ቃል ከልባቸው ሳቁ። «የየትኛው አገር? ግሪኮቹ ወርቅ ይጠብቃል፣ እሳት ይተፋል አሉኝ። ፈረንጆቹ ክንፍ አለው፣ የንጉሥ ልጅ ካልገበሩለት አይተኛም አሉ። አንድ የህንድ ክርስቲያን ደግሞ በአገሩ ባለብዙ ራስ እባብ እንዳለ፣ ራሱን እንደ ጥላ ዘርግቶ አማልክቶቻቸውን ከፀሐይ እንደሚከልል አጫወተኝ። ስለ ቻይና ያወራኝም እሱ ነው። እዚያ ዘንዶ ደመና ውስጥ ይኖራል፤ ዝናብ ያዘንማል፤ ንጉሡ ልብሱ ላይ ያስጠልፈዋል። የሚገድለው ቀርቶ የሚሰድበው የለም።»

«ዝናብ?» አለቃ ቀና ብለው ደመና የሌለበትን ሰማይ አዩ። «የእኛውስ አባቴ?»

«የእኛውማ አክሱም ላይ ነግሦ ግብር ይቀበል ነበር ይባል የለ?»

«ታዲያ የትኛው ነው እውነቱ?»

«እኔም ብዙ አወጣሁ አወረድኩ፣ ልጄ። ሰው ዘንዶውን የሚያኖረው ልቡ ያለበት ቦታ ነው። ወርቅ የሚወድ ወርቁ ላይ፣ ሴት ልጁን የሚሳሳላት ልጁ ደጃፍ፣ ዝናብ የሚለምን ደመናው ውስጥ። አንድ ነገር ደግሞ ልንገርህ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድ እንኳ ‹አየሁ› ያለኝ የለም። ‹አያቴ አየ› ነው የሚሉት።»

«የእንጎዳ ሰው ግን ሁሉም አይቷል፣» አሉ አለቃ በምሬት።

«እንግዲያው የተባረከ አገር ነው፤» አሉና አባ እንደገና ሳቁ።

አለቃ ሲመለሱ መምሬ እንግዳሸትን ግድግዳው ሥር ቆመው አገኟቸው። ክንፉ አንዱን ጥግ፣ ሰባቱ ራስ ሌላውን ጥግ፣ እሳቱና ጭሱ ጣሪያውን ይዘውታል።

«አለቃ፣ ሥራዎ ግሩም ነው፣» አሉ መምሬ ቀስ ብለው። «ግን ጊዮርጊስ የት ሊቆም ነው?»

አለቃ አዩ። እውነትም ለሰማዕቱ የቀረችው ቦታ ለድመት እንኳ አትበቃም። የሚያዝያ ጊዮርጊስ ሊገባ ዐሥር ቀን ቀርቶታል። አርባ ዓመት ሙሉ ያላፈሩበት እጃቸው አሁን በስተርጅና አሳፈራቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ውሃ ጠየቁ።

ውሃ የምታመጣላቸው ውድነሽ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ ዕድሜዋ ከአምሳ ያለፈ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ብቻዋን የምትኖር። ሸክላ ሠሪ ስለሆነች ሰው ድስቷን እንጂ ወሬዋን አይፈልግም፤ ቤቷም የሚገባ የለም። አለቃ ጠጥተው ቅሉን ሲመልሱ ድንገት ቆም አሉ። ውሃው ቀዝቃዛ ነው። ጥርት ያለ ነው። ስንት ቀን ሙሉ ቀለማቸውን ሲበጠብጡበት አላስተዋሉም።

«እናቴ፣ ይህ የጠማ ውሃ አይደለም።»

«አይደለም፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ከየት ነው?»

ውድነሽ ግራ ቀኝ አየች። «ከዘንዶ ውሃ ነው።»

«ዘንዶውስ?»

«አለ።»

«አይተሽዋል?»

«እንዴት አላየውም? ጎረቤቴ እኮ ነው።»

አለቃ ቅሉ ከእጃቸው ወደቀ። «ምነው ታዲያ ዝም አልሽ?»

«ድሮ ተናግሬ ነበር፤ ከሰይጣን ጋር ትውላለች አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ማን ጠየቀኝ?»

በማግሥቱ ፀሐይ ሞቅ ሲል ገደሉን አብረው ወረዱ። አለቃ በየእርምጃው ዳዊት ይደግማሉ። ውድነሽ እንስራዋን አዝላ፣ ረጅም በትር ይዛ ከፊት ትመራለች። ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር ውሃው ከአለት እየፈለቀ ይወርዳል። ከውሃው ማዶ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፣ ዘንዶው ተጠቅልሎ ፀሐይ ይሞቃል።

የሰው ጭን የሚያህል ወፍራም ነው። ርዝመቱን ለመገመት አለቃ ድፍረቱ አልነበራቸውም። ግን ክንፍ የለውም፤ ቀንድም የለውም። ራሱ አንድ ነው። ቆዳው ላይ ቡናማና ወርቃማው እንደ ጥሩ ሰፌድ ተጠላልፎ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ያብለጨልጫል። አለቃ ፍርሃታቸውን ረሱት። እንዲህ ያለ ቀለም አጣጣል ከጎንደር መምህራን እንኳ አይተው አያውቁም።

«እንዴት አደርክ፣ ሽማግሌው?» አለች ውድነሽ በትሯን ውሃው ላይ መታ እያደረገች። ዘንዶው ምላሱን ብልጭ አድርጎ፣ እንደ ባለሥልጣን ሳይቸኩል፣ ከድንጋዩ ሥር ገባ።

«አይጎዳም?» አሉ አለቃ በሹክሹክታ።

«ይጎዳል እንጂ! ዓምና ግልገሌን ወስዶብኝ ተቀያይመን ነበር። ግን ፀባዩን አውቃለሁ። ማለዳና ማታ አልወርድም፤ ያን ጊዜ ያድናል። ፀሐይ ሲሞቅ ግን ከሰው ጠብ የለውም፤ ድምፅ ሲሰማ ይገባል። ሕፃንና ፍየል ይዞ መምጣት ነው ክፉ።» እንስራዋን ሞልታ ቀና ካለች በኋላ ጠየቀች፤ «ጊዮርጊስ በጦር የሚወጋው ይሄ ነው?»

«የለም፣ የለም። ያኛው የሰይጣን ምሳሌ ነው።»

«የሰይጣንን መልክ ካላወቁት፣ የሱን መልክ ለምን ይወስዱበታል?»

አለቃ በሊቃውንት ፊት ተከራክረው ያልተረቱ ሰው ነበሩ። አሁን ግን ክርክሩን ትተው ከሰላቸውን አወጡ።

ስድስት ቀን እየተመላለሱ በብራና ቁራጭ ላይ ነደፉት። ከዚያ የግድግዳውን ክንፍና ራስ፣ ቀንድና እሳት ሁሉ በኖራ አጥፍተው እንደገና ሣሉ።

የጊዮርጊስ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ መጋረጃው ተገለጠ። ሰማዕቱ በነጭ ፈረሱ ላይ ሙሉ ሆኖ ቆሟል። ከሥሩ ያለው ዘንዶ ሕይወት ያለው ስለሚመስል ከፊት የነበሩት ወደኋላ ሸሹ። ወዲያው ግን ጉርምርምታ ተነሣ።

«ክንፉስ?» አሉ ባላምባራስ። «ሰባቱ ራስስ? አለቃ፣ በቅሎዋን ያስረክቡ!»

አለቃም፣ «ቃሌ ቃል ነው፤» አሉ። «ዘንዶውን ያየ ሰው እንከን ያውጣ ብያለሁ። ያያችሁ ሁሉ አሁኑኑ ተከተሉኝ። ምንጩ ወርደን ከራሱ ጋር እናስተያየዋለን።»

ደብተራው ጥምጥሙን ያስተካክል ጀመር። ሸማኔው አማቱን አየ፤ አማቱ መሬት አዩ።

«እኔ እንኳ ጉልበቴን ያመኛል፣» አሉ ባላምባራስ።

«ከመካከላችሁ ያየ የለም?» አሉ መምሬ እንግዳሸት።

«አለ፤ እደጅ ናት፣» አሉ አለቃ። ከበሩ ውጭ ቆማ የነበረችውን ውድነሽን ጠሯት። ሰው ገለል አለላት። ሥዕሉን ከራስ እስከ ጅራት ቀስ ብላ አየች፤ ፊቷ ፈካ። ከዚያ ጭንቅ ያዛት።

«ተናገሪ፣ እናቴ። እውነቱን።»

«ይቅር ይበሉኝ አለቃ። ሁሉም እሱን ነው። ግን ግራ ዓይኑ ነጭ ነው፤ የታመመ ነው። እርስዎ ሁልጊዜ በቀኙ በኩል ስለሚቆሙ አላዩትም።»

አለቃ ወልደ ኪሮስ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ብሩሻቸውን አንሥተው የዘንዶውን ግራ ዓይን በነጭ ነካ አደረጉት። ከዚያ ወደ ግቢው ወጥተው የሎጋን አንገት አቅፈው፣ በጆሮዋ አንድ ነገር ነግረው፣ ልጓሟን ለመምሬ እንግዳሸት አስረከቡ።

«በደስታ ነው የተረታሁት፤» አሉ። «አርባ ዓመት ስሥል እውነቱን የነገረችኝ አንዲት ሰው ናት።»

መምሬ ልጓሙን ይዘው አሰቡ። በሕመም የሚሰቃዩትን ሕፃናት አሰቡ። ከዚያ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ዞረው፣ ሕዝቡ እየሰማ፣ «እመት ውድነሽ፣ በቅሎዋ ከዛሬ ጀምሮ ለእናቶች ውሃ ትጭናለች፤ መንገዱን ይመሩናል?» አሉ። እስከዚያ ቀን እመት ብሎ የጠራቸው አልነበረም።

ፀሐይ ሞቅ ሲል ወረዱ። በመጀመሪያ አምስት ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ አለቃም ሎጋን እየሳቡ። ዘንዶው ድምፃቸውን ሰምቶ ከድንጋዩ ሥር ሲገባ፣ ሴቶቹ ተቃቅፈው ጮኹ፤ ከዚያም እየተሳሳቁ እንስራቸውን ሞሉ። ወደ መንደር ሲወጡ ሰው በሙሉ መንገድ ዳር ወጥቶ ይጠብቃቸው ነበር። የቀመሰ ሁሉ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

ባላምባራስ ጉልላትም ከዋርካው ሥር ሆነው አንድ ዋንጫ ጠጡ፤ ሁለተኛም ጠየቁ። ቢሆንም መሸነፍ አልሆነላቸውም።

«ውሃውስ ጥሩ ነው፤» አሉ ጢማቸውን እየጠረጉ። «ግን ያያችሁት ልጁን ነው። አባትየው ክንፍ አለው፣ ስነግራችሁ!»

እመት ውድነሽ እንስራቸውን እንዳዘሉ ቆም ብለው፣ ባላምባራስን እንደ ታናሽ ወንድም በፍቅር እያዩ፣ ፈገግ ብለው እንዲህ አሉ፦ «ዘንዶን ያየ ውሃ ይቀዳል፤ ያላየ ክንፍ ይቀጥላል።»