ለሆድዎ ነው

አንድ በአበላሉ የታወቀ ሰው ነበረ።

ይህን ምሳሌ የተናገሩት መሪጌታ ልሳነወርቅ ናቸው፤ የተናገሩትም ለአያ ጫኔ ነው። አያ ጫኔ ሰባ ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀርቶታል። አንድ ጠዋት ሆዱን በእጁ ደግፎ መጣና «መሪጌታ፣ የበላሁት ሁሉ እንደ ድንጋይ ይቀመጥብኛል። ከቤቴ ሰው አንዱ የሆነ ነገር አብልቶኛል። ምራቴን ጠርጥሬ ወላጆቿ ዘንድ ሰድጃታለሁ። እሷ ናት ወይስ ሌላ ሰው? ግራ ገባኝ» አላቸው። መሪጌታ ናትም አይደለችም አላሉ። እንዲህ ሲሉ ነገሩት እንጂ።

አንድ በአበላሉ የታወቀ ሰው ነበረ። ባለጸጋ ገበሬ ነው። ሠርግ ወይም ተዝካር ሲጠራ ሰዎች ከሱ ገበታ ለመቀመጥ ይሻሙ ነበር፤ ሲበላ ያየ የጠገበ ሰው እንኳ እንደገና ይርበዋል። የበግ ወርች ብቻውን ይጨርስና «አሁን ምሳ አምጡ» ይላል። «የኔ ሆድ ቢሰጡት ድንጋይም ይፈጫል» እያለ ይኩራራ ነበር። ሚስቱ ግን ዝምተኛ ሴት ነበረች። አርባ አራት ዓመት አብስላ አብልታዋለች።

ስልሳ ስድስት ዓመት በሞላው ዓመት፣ የፋሲካ ዕለት እንደ ልማዱ ጥሬ ሥጋ በአዋዜ በላ። በማግስቱ ሥጋው ከሆዱ አልወርድ አለ። ሆዱ ተነፋ፤ ቃሩ ደረቱን አቃጠለው፤ አራት ቀን ሙሉ ደረቀበትና ወደ ጓሮ እየሄደ በባዶ ይመለስ ጀመር። «ሥጋው ነው» አለ። በሳምንቱ ዶሮ ተሠራለት፤ ያው ሆነ። «ቅቤው ነው» አለና ከሌላ ሰው አስገዛ፤ ያው ሆነ። «ውኃው ነው» አለና ከሩቅ ምንጭ አስቀዳ። ኮሶ ይዞኝ ይሆናል ብሎ የኮሶ መድኃኒት ቢጠጣ ጭራሽ ሁለት ቀን አልጋ ላይ ጣለው።

ሰውየው ግራ ተጋባ። ገበታው ያው ገበታ፣ እጁ ያው እጅ ነው። ትናንት እሺ ሲለው የኖረ ሆድ ዛሬ ለምን እንቢ እንደሚለው ሊገባው አልቻለም።

ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ሌላ ነገር አስተዋለ። የወጡ ጣዕም ተለውጧል። በርበሬው ቀንሷል፤ ቅቤው ሳስቷል፤ ምላሱ ላይ የሚያሙለጨልጭ የማያውቀው ነገር አለ። አንድ ቀን ሚስቱ ወንዝ ስትወርድ ጓዳ ገባና ከድስቶቹ ኋላ በጨርቅ የተቋጠረ ቡናማ ዱቄት አገኘ። ሚስቱ ስትመለስ ቋጠሮውን ፊቷ ላይ አንጠለጠለ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

ሴትየዋ ደነገጠች። «ለሆድዎ ነው» አለች።

«ለሆዴ!» አለ። «እንግዲህ በአፍሽ ተናገርሽው!»

ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማም። ቋጠሮውን እሳት ውስጥ ወረወረው። የዚያኑ ዕለት ነጠላዋን አጣፍታ ከወንዝ ማዶ ወደሚኖረው ወንድሟ ቤት ሄደች። አርባ አራት ዓመት አብረው የኖሩ ባልና ሚስት ሆድና ጀርባ ሆኑ።

ሰውየው አሁን እድናለሁ ብሎ ጠበቀ። የእህቱን ልጅ አስመጣ፤ እሷም እንደ ጥንቱ በርበሬውን አብዝታ፣ ቅቤውን አንሳፍፋ ሠራችለት። ጣዕሙ ተመለሰለት። ሕመሙ ግን ባሰ። ጎረቤት ቤት በላ፤ ያው ነው። ክርስትና ተጠርቶ በላ፤ ከዚያማ ሰዎች ደግፈው ቤቱ አደረሱት። «መርዘኛዋ ከሄደች ሕመሙ እንዴት ይብሳል?» እያለ ከራሱ ጋር ተሟገተ። «የአገሩን ድስት ሁሉ መርዛው ይሆን?» ይላል፤ ደግሞ «አይ፣ ይኼ የእብድ ነገር ነው» ይላል። ርቦት ይሁን ጠግቦ እንኳ መለየት አቃተው። በመጨረሻ ቁርጡን ልወቅ፣ አስምላታለሁ ብሎ በቅሎውን ጭኖ ወንዙን ተሻገረ።

ሲደርስ ወንድምየው እርሻ ሄዷል። ሴትየዋ ደጃፍ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ትበላለች፤ አላየችውም። እሱም ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ተመለከታት። ሳህኗ የሕፃን ሳህን ታህላለች። የተቀቀለ ጎመንና ለስላሳ የገብስ ገንፎ አለባት፤ ከጎኗ እርጎ በዋንጫ። አንዷን ጉርሻ አላምጣ አላምጣ እሱ ቆሞ እስኪሰለች ድረስ አትውጣትም። ቀጥላ ውኃ ትጠጣለች። ከበላች በኋላም አልተኛችም፤ ተነሥታ ግቢውን ቀስ እያለች መዞር ጀመረች። ያን ጊዜ አየችው።

«ገንፎ የምትበዪው ታመሽ ነው?» አላት። ሊናገር የመጣው ይህን አልነበረም።

«አልታመምኩም።»

«ታዲያ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምትበዪው?»

«ዘጠኝ ዓመት ሊሆነኝ ነው። አንቱ ፊት አንድ ሁለት ጉርሻ እቀምስና የራሴን ጓዳ እበላለሁ። ሆዴ እንደ ድሮው አልሸከም ብሎኝ ነዋ።»

«ለምን ሳትነግሪኝ?»

«ነግሬዎት ነበር» አለች። «‹የአሮጊት ሆድ› ብለው ከእንግዶችዎ ጋር ሳቁብኝ።»

ሰውየው መሳቁን አስታወሰ። ቢሆንም ቋጠሮውን አልረሳም። «በወጤ ውስጥ ነገር አስገብተሻል ወይስ አላስገባሽም? በእግዚአብሔር ስም!»

«አስገብቻለሁ» አለች። «ያቃጠሉት የተልባ ዱቄት ነው። የአንቱም ሆድ እንደኔው ሲሆን አየሁ። በቃል ብነግርዎ እንደማይሰሙኝ አውቃለሁ። ስለዚህ በርበሬውን እየቀነስኩ፣ ተልባውን እየነሰነስኩ፣ ውኃ በላይ በላዩ አቀርብልዎ ነበር። ጥቂት ቀለል ብሎዎት አልነበር?»

ሰውየው አሰበ። እውነትም ክረምቱ መግቢያ ላይ ሕመሙ ተግ ብሎለት ነበር። መርዝ ብሎ እሳት የጨመረው የሚያሽለውን ኖሯል። አንጀቱን በላችው። አፈረና ወዴት እንደሚያይ ጠፋው። ከዚያም ከእግሯ ሥር መሬት ላይ ቁጭ አለና «ያንኑ ለኔም ስጪኝ» አላት።

በትንሿ ሳህን ሰጠችው። በሦስት ጉርሻ ጨረሰ።

«እንዲህ አይደለም» አለችው። «ጥርስዎ ያልሠራውን ሆድዎ አሁን አይሠራልዎትም። ያላምጡ።»

ሲመለሱ እሷን በቅሎው ላይ አስቀመጣት፤ እሱ ልጓሙን ይዞ በእግሩ ሄደ። ያየው ሁሉ ተገረመ። ሰውየው እንደ ድሮው የሚበላ ሰው ዳግመኛ አልሆነም፤ አንዳንድ ቀንም ሆዱ ይነፋበት ነበር። ግን በየዕለቱ ደጅ ወጣ፤ እንቅልፍም ተኛ። ከሚስቱም ጋር ከአንድ ሳህን እየበሉ አሥራ አንድ ዓመት ኖሩ።

መሪጌታ ይህን ብለው ወደ አያ ጫኔ ዞሩ።

«ጫኔ፣ ያ ሰው አንተ ነህ። ሆድም እንደ ጉልበት፣ እንደ ዓይን ያረጃል። ጉልበትህ ሲደክም ዘንግ ያዝክ፤ ‹ጉልበቴን ማን መረዘው?› ብለህ ሰው አላባረርክም። ሆድህ ሲደክም ግን ጥፋተኛ ፈለግህ። ጥርስህ አልቋል፤ ጥማትህም ስለጠፋ ውኃ አትጠጣም፤ ከበላህ ወዲያው ጋደም ትላለህ። ሆድህን ግን እንደ ሃያ ዓመት ጎረምሳ ሆድ ይሸከምልኝ ትላለህ። ጥቂት ጥቂት ስጠው፤ ጎመኑን፣ ገብሱን፣ ሽምብራውን፣ እርጎውን አትንፈገው፤ ከበላህም ተነሥተህ ተራመድ። ደም ካየህ፣ ወይም ያለ ምክንያት እየከሳህ ከሄድክ ግን ምሳሌ ለዚያ አይሆንም፤ ሐኪም ዘንድ ሂድ።»

አያ ጫኔ «ተልባው ታዲያ በቀን ስንት ማንኪያ ነው?» አለ።

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱን ምራትህን ጠይቃት። ከሁለት ወር በፊት እዚሁ አንተ የተቀመጥክበት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ‹አባባ ሆዳቸው እያስቸገራቸው ነው፤ ምን ላድርግላቸው?› ብላ የጠየቀችኝ እሷ ናት።»