ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ

አንድ ሰው ነበረ። አያቶቹን የሚፈልግ ሁሉ እንዲያገኛቸው ብሎ ደክሞ፣ ሳያውቅ የደበቃቸው ሰው ነው። የጠየቅሽኝን የሚመልስልሽ የእሱ ነገር ነውና ስሚኝ። አንቺ ያልሽኝ፣ የዘር ሐረጋችንን ኢንተርኔት ላይ ሳወጣ የአያቶቼን ስም ሰው በተሳሳተ ፊደል እንደሚጽፈውም ልጻፍ ወይ፣ ነውር አይሆንብኝም ወይ ነው።

ይህ ሰው የተማረ ነበር። ንጉሡ ሠ ከእሳቱ ሰ ጋር ተምታቶ ካየ ምግብ አይወርድለትም። የወገኑን የዘር ሐረግ ከየአገሩ፣ ከየሽማግሌው አፍ ለቅሞ ሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ እያለቁ ነበርና ሥጋት ያዘው። የሚቆጥር ሲጠፋ ወንድም እህቱን ሳያውቅ ያገባል ብሎ ፈራ። ስለዚህ ኮምፒውተር ቤት ሄዶ የሰበሰበውን ሁሉ ኢንተርኔት ላይ እንድታወጣለት ለጸሐፊዋ ሰጣት። የሐረጉ ሥር ሣህሉ የሚባል ሰው ነበር። ጸሐፊዋ እንደ ልማዷ በእሳቱ ሰ «ሳህሉ» ብላ ጻፈችው።

ሰውየው አየና፣ «አንቺ ልጅ፣ ንጉሡን አውርደሽ በዙፋኑ ላይ እሳት አነደድሽበት እኮ» አላት።

«ይቅርታ አባባ፣ ንጉሡን እመልሰዋለሁ» አለች እየሳቀች። እሱም አጠገቧ ቆሞ አንድም እሳቱ ሰ እንዳይቀር አሳረማትና ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሄደ።

በሌላ ከተማ ደግሞ አንዲት ልጅ ነበረች። አንድ ወጣት ወደደች፤ ሊጋቡም ተስማሙ። ወጣቱ አባቱ በሕፃንነቱ ስለ ሞተበት ከአያቱ በላይ መቁጠር አይችልም። እሷ ግን ከአባቷ እስከ ሣህሉ ድረስ ተምራለች። አንድ ቀን አብረው ምሳ ሲበሉ እጁን አየች። ትንሿ ጣቱ ወደ ውስጥ ትጎብጣለች። የአባቷም ትንሿ ጣት እንዲሁ ነበረች። ጉርሻዋን መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠች።

ለማንም አልተናገረችም። ሰባት ቤት ሳይሞላ መጋባት ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ዘመድ ይበትናል፣ ልጅ ሲወለድም ሁሉ በፍርሃት ያየዋል ሲባል ሰምታለች። ስልኳን አንሥታ የሣህሉን ስምና የወጣቱን አያት ስም አብራ ጻፈች። እንደ ብዙው ሰው በእሳቱ ሰ ነበር የጻፈችው። ምንም እንዳይመጣ እየለመነች ነበር። ምንም አልመጣም። መፈለጊያው ፊደሉን ያያል እንጂ ድምፁን አይሰማም። እሷ ግን ዝምታውን እንደ ምርቃት ቆጠረችው። ቢሆንም ከዚያ ቀን ወዲህ ወጣቱ እጁን ሲዘረጋላት ዓይኗን ታዞር ነበር።

የሽምግልናው ቀን ደረሰ። ወጣቱ አባት ስለሌለው ከአባቱ ወገን በሕይወት የቀረለትን አንድ የሩቅ ዘመድ አስጠራ። የመጣው ያ የተማረው ሰው ነበር። የልጅቷ አባት እንደ ወጉ ተነሥቶ ዘሩን ይቆጥር ጀመር። እገሌ የእገሌ ልጅ እያለ ወጣ፣ ወጣና ሣህሉ ላይ ደረሰ።

ከአፍ የወጣ ስም ፊደል የለውም። በጆሮ ንጉሡም እሳቱም አንድ ናቸው። ሰውየው ይህን ስም ያውቀዋል። ቀስ ብሎ የየትኛው አገር ሣህሉ እንደሆነ ጠየቀ፤ አገሩም ያው ሆነ። ሴቶቹ እልል ሊሉ ተዘጋጅተው ቆመዋል። ዝም ቢል የሚያውቅበት አልነበረም፤ ዝም ለማለትም አስቦ ነበር። ከዚያ የወጣቱን ፊት አየና ተነሣ።

«ይህ ጋብቻ አይሆንም» አለ። «የሁለቱም ሥር አንድ ነው፤ ሰባት ቤት አልሞላም።»

ልጅቷ አላለቀሰችም። መጥታ ከሰውየው ፊት ቆመች።

«አባባ፣ ይህን የሚያውቅ ሰው ፈልጌ ነበር። የት ነበሩ?»

«ጽፌዋለሁ እኮ ልጄ። ሁሉ እንዲያየው አውጥቼዋለሁ።»

ስልኳን ሰጠችው። በንጉሡ ሠ ጻፈ፤ ወዲያው ወጣ፣ የወጣቱም አያት እዚያው ነበሩ። ተቀበለችውና እንደ በፊቱ በእሳቱ ሰ ጽፋ አሳየችው። ባዶ ነበር።

አገሩ እንደተመለሰ ጸሐፊዋ ዘንድ ሄደ። «ልጄ፣ ከንጉሡ አጠገብ እሳቱንም አንድጂ» አላት። «ሀሌታው ሀንም ሐመሩ ሐንም አስገቢ። ሰው በሚጠራበት ሁሉ ጻፊልኝ።» እሷም ጻፈችለት። እሱ ግን ከዚያ ወዲያ የሠርግ መኪና ጥሩንባ በሰማ ቁጥር ይደነግጣል። ስንቱ ፈልጎ፣ ባዶ አግኝቶ፣ ደስ ብሎት ሄዶ ይሆን እያለ ይፈራል።

አንቺም ልጄ፣ ያንን ሰው ትመስያለሽ። ለአያቶችሽ ክብር ብለሽ የምትዘጊው በር፣ በውጭ የቆመው ልጅሽ ላይ ነው የሚዘጋው። የፈራ ሰው ባዶ ሲያገኝ «የለም» የተባለ ይመስለዋል፤ መልሶ አይጠይቅም። ነውሩ ስማቸውን በእሳቱ ሰ መጻፍ አይደለም። ነውሩ፣ ሲጠሯቸው ዝም እንዲሉ ማድረግ ነው። ሂጂ እንግዲህ፤ ንጉሡን በዙፋኑ ተዪው። እሳቱን ግን ደጃፉ ላይ አንድጂለት። በጨለማ የሚመጣ ሰው ከሩቅ የሚያየው እሳቱን ነው።